ዘይት ያልሆነው ዘይት፤ የ40 ሺው ሰርቪስ በገዛ እጅ

ከፍተኛ ሰርቪስ የሚባለው አምራቹ በመኪናው መመሪያ ላይ በኪሎ ሜትር ወይም በዓመት ቆርጦ ያስቀመጠው፣ ከተራ ዘይት ቅያሪ የሰፋ የጥገና ቀን ነው። በብዙ የጃፓን የቤት መኪኖች 40,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ወይም 2 ዓመት ሲያልፍ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ይመጣል። በዚያ ቀን የሞተር ዘይትና ፊልትሮው፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ይታያሉ፤ ጊዜው የደረሰው ይቀየራል። ከሌላው የጋራዥ ሥራ የሚለየው የተሰበረ ነገር አለመኖሩ ነው። መኪናዋ ተነድታ ትመጣለች፣ ተነድታ ትሄዳለች፤ መሐል ላይ ያለው ሥራ በአብዛኛው ፈቶ ማፍሰስና ሞልቶ ማሰር ነው። ባለቤቱ ራሱ ሲሠራው የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። ዕቃው የትም ቢሠራ ያው ይገዛል፤ ኪስ ውስጥ የሚቀረው የእጅ ዋጋው ነው። ለመሣሪያ የወጣው ገንዘብ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሰርቪስ ይመለሳል፣ መሣሪያው ግን ለልጅም ይተርፋል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ ከ8 እስከ 21 ቁጥር ያለ የቡሶላ ስብስብ፣ ካቻቪቴ፣ የፊልትሮ መፍቻ፣ ክሪክ፣ ሁለት የብረት ካቫሌቶና አንድ ቶርክ ሬንች ይበቃል። የመጨረሻው ቅንጦት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቶርክ ሬንች ብሎን በስንት ኃይል እንደታሰረ የሚናገር ቁልፍ ነው፤ የእጅ ጉልበት ግን የሚናገረው ስለ አሳሪው እንጂ ስለ ብሎኑ አይደለም። የቶዮታ የዘይት መውጫ ብሎን ወደ 37 ኒውተን ሜትር፣ የጎማው ብሎን 103 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ጎማ በእግር እየተረገጠ በታሰረበት ጉልበት የዘይት መውጫውን የሚያስር ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፤ የቆጠበውንም የእጅ ዋጋ ከነወለዱ ለቶርኖ ቤት ይከፍላል።

ክሪክ ማንሻ ነው፣ ማቆሚያ አይደለም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በካቫሌቶ ላይ ሳይቀመጥ ማንም ሰው ከሥሩ አይገባም። ድንጋይ ይንሸራተታል። ብሎኬት ደግሞ ከድንጋይ ይብሳል፤ ሳይሰነጠቅ፣ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። የሚሠራበት መሬት ደልዳላ፣ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ የተያዙ መሆን አለባቸው። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

የሞተር ዘይት ቅያሪን ሁሉም ስለሚያውቀው ቦታ መያዝ አይገባውም። ሞተሩ ለብ ሲል ይፈሳል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ የአዲሱ ፊልትሮ ላስቲክ በንጹሕ ዘይት ይቀባል፣ የመመሪያው መጠን ይሞላል። አምራቹ ያሪስ ባላት፣ አዲስ አበባ ግን በጃፓን ስሟ ቪትዝ ብላ በምትጠራት መኪና ላይ፣ ባለ 1.5 ሊትሩ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይወስዳል። አራት ሊትር የተገዛ ስለሆነ ብቻ አራቱንም ማንቆርቆር ቁጠባ አይባልም።

የአየር ፊልትሮ ከሁሉም ይቀላል፤ ያለ መሣሪያ፣ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። የአቧራ አገር መኪና ከመመሪያው ቀድሞ ሊቀይረው ይገባል። በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ካልተነፋ አቧራውን ወደ ወረቀቱ ልብ ይነዳዋል፣ ቀርቦ የተነፋ እንደሆነም ወረቀቱን ይበሳዋል። የተበሳ ፊልትሮ ከቆሸሸ ፊልትሮ የከፋ ነው። የቆሸሸው ሞተሩን ያፍናል፣ የተበሳው አሸዋ ያበላዋል።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የሲሊንደሩ ክዳን አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀቱ የተፈታ ካንዴላ ጥርሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከመፈታቱ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ የተኛው አቧራ ይነፋል፤ አዲሱ በእጅ ብቻ፣ ያለ ቁልፍ፣ እስኪቀመጥ ድረስ ይዞራል። ተራው ካንዴላ በየሰርቪሱ ይቀየራል። ኢሪዲየም የተባለው ግን 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይቆያል፤ በዋጋው የሚደነግጥ ሰው ይህን ቢያሰላ ድንጋጤው ይቀንሳል።

ራዲያተር ላይ ያለው ስሕተት የቧንቧ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሞተር መደበኛ ሙቀትም እዚያው ነው። መኪናው እንዳይፈላ የያዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ግፊት የሚያቆየው የራዲያተር ክዳንና ኩላንቱ። ኩላንት ከመፍያው በላይ ዝገት ይከላከላል፤ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል። የቶዮታ ቀዩ ኩላንት በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ሮዙ መጀመሪያ 160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን የሚከፍት ሰው የሚተርፈው በዕድል ነው።

የካምቢዮ ዘይት በእጅ ማርሽ ላይ ቀላል ነው። በአውቶማቲክ ላይ፣ በተለይ ሲቪቲ በሚባለው ላይ፣ ከራሱ ልዩ ፈሳሽ በቀር ሌላ አይቀበልም፤ መጠኑም በተወሰነ ሙቀት ላይ ይለካል። ይህን ለባለሙያ መተው ሽንፈት አይደለም።

ታይሚንግ ቺንጋ የ40 ሺው ሰርቪስ ጉዳይ አይደለም፤ ሆኖም ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ቪትዝ ቺንጋ የላትም፤ በሰንሰለት ነው የምትሠራው። «የቪትዝ ታይሚንግ ቺንጋ» ብሎ ያስከፈለ ጋራዥ ካለ፣ የለወጠው የዲናሞውን ቺንጋ መሆን አለበት። ብዙዎቹ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች ግን ቺንጋ አላቸው፤ የላንድክሩዘሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተርም በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀይራል፤ ለዚያም ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ ማስታወሻ መብራት አለው። መብራቱን ማጥፋትና ቺንጋውን መቀየር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ያገለገለ መኪና ሲገዛ መብራቱ መጥፋቱ ቺንጋው ለመለወጡ ማስረጃ አይሆንም።

ከሰርቪሱ ዕቃዎች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ፣ ግን ከብዙ ደረሰኞች የሚጠፋው፣ የፍሬን ዘይት ነው። ጋራዡ አይቀይረውም፣ ባለቤቱም አይጠይቅም፤ «ዘይቱ ሙሉ ነው» ይባልና ኮፈኑ ይዘጋል። ጥፋቱ በከፊል የስሙ ነው። የፍሬን ዘይት ዘይት አይደለም። ስሙ ከጣሊያኖቹ ዘመን ሳይመጣ አይቀርም፤ እነርሱም በተለምዶ «ኦሊዮ ፍሬኒ» ይሉታል። በጥንቱ ፍሬን ላይ ስሙ ውሸት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የፈሳሽ ፍሬኖች ብዙዎቹ ከአልኮል ጋር የተደባለቀ የጉሎ ዘይት ነበር የሚጠቀሙት፤ ያው የምጣድ ማሰሻው ጉሎ። ዛሬ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግላይኮል ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን የሆነ፣ ከራዲያተር ኩላንት ጋር የሚዛመድ ፈሳሽ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከአዲስ የፍሬን ዘይት ጥቂት ጠብታ ይጨመር። የምግብ ዘይት ቢሆን፣ የሞተር ዘይት ቢሆን፣ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። የፍሬኑ ግን ይሟሟል፣ ይጠፋል። የዘይትና የውሃ ነገር ለማይስማሙ ሰዎች ምሳሌ በሆነበት አገር፣ ከውሃ ጋር እንዲህ የሚስማማ ነገር ዘይት መባሉ የሚያስገርም ነው። ብርጭቆው ግን ከዚያ ወዲያ ለመጠጥ አይውልም፤ ፈሳሹ መርዝ ነው።

የስሙ ስሕተት ሁለት ጉዳት ያመጣል። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጎረቤት፣ የፍሬኑ ፈሳሽ ጎድሎ ቢያገኘው፣ ልጁን ወደ ሱቅ ላከው፤ ልጁ «ዘይት» አለ፣ ባለሱቁ ቀዩን የመሪ ዘይት፣ ኤቲኤፍ የሚባለውን፣ ሰጠው። ጥቂት ነበር የተጨመረው። በማግሥቱ የፍሬን ፈሳሹ የሚቀመጥበት ጣሳ ክዳን አልገጥም አለ፤ በውስጡ ያለው ላስቲክ አብጦ እንደ ጨርቅ ተጨማዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ አራቱም ጎማዎች ያዙ። ፔዳሉ ተለቀቀ፣ ፍሬኑ አልለቀቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፍሬን መሥመር ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች የተሠሩት ለግላይኮል በሚስማማ፣ ለማዕድን ዘይት ግን በማይስማማ ላስቲክ ነው፤ ማዕድን ዘይት ሲነካቸው ይጠጡታል፣ ያብጣሉ። ፔዳሉ በሚገፋው የፍሬን ማስተር ውስጥ ያበጠው ጎሚኒ፣ ፔዳል ሲለቀቅ ፈሳሹ ወደ ጣሳው የሚመለስበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል። መድኃኒቱ ማጠብ አይደለም፤ ከማስተሩ እስከ መጨረሻው ጎማ ያለ ላስቲክ ሁሉ ይቀየራል። የአንድ ስኒ ስሕተት የአንድ ወር ደመወዝ በላ። ጣሳው ክዳን ላይ የተጻፈው «ዶት 3» ወይም «ዶት 4» የሚለው ማስጠንቀቂያ ለዚህ ነው። ዶት 3ና ዶት 4 ቢደባለቁ ጉዳት የለውም፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም አይደባለቅም። ዶት 5.1 በስሙ የዶት 5 ወንድም ይመስላል እንጂ ግላይኮል ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ዓመታት ይወስዳል፣ ስለዚህም ማንም አያየውም። ዘይት ነው የተባለ ነገር በሰው አእምሮ ውስጥ ውሃ አያስገባም። ይህ ግን ውሃ ወዳድ ነው። በላስቲክ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል፣ በጣሳው ክዳን መተንፈሻ በኩል፣ ከአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይስባል። ይህ ጠባዩ ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ በእርግጥ ግን ሆን ተብሎ የተመረጠ በጎነት ነው። ውሃው ባይሟሟ ኖሮ ተጠራቅሞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ፣ ወደ ጎማው ይወርድ ነበር፤ እዚያ ብረቱን ያዝጋል፣ ፍሬን ሲሞቅም ንጹሕ ውሃ ሆኖ በውሃ መፍያ ይፈላል። የተሟሟ ውሃ ግን በፈሳሹ ሁሉ ይሠራጫል፣ ጉዳቱም ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በአሜሪካ መስፈርት መሠረት አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ከስልሳ ዲግሪ በላይ ይሰርቃል ማለት ነው፤ እነዚህም በባሕር ወለል ላይ የተለኩ ናቸው፣ ደጋ ላይ ሁሉም ዝቅ ይላል።

ስልሳ ዲግሪ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይውረድ። መንገዱ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። ከነተሳፋሪዋ 1,100 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1,300 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 14 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ ጉልበት ወደ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍያው የሚያደርስ ነው፤ ሁለት ጀሪካን። ከፊሉን ነፋስ፣ ከፊሉን ሞተር ይወስደዋል። ሾፌሩ ማርሹን ካልተጠቀመበት የተረፈው ሁሉ ወደ አራት ዲስኮችና ታምቡሮች ይገባል፣ ከዚያም በሸራው አልፎ በስተኋላው ወዳለው ፈሳሽ ይደርሳል።

የሚከተለው ነገር በጋራዥ እምብዛም የማይነገር ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ፈሳሹ አይፈላም። በመሥመሩ ውስጥ ያለው ግፊት መፍያውን ከፍ ያደርገዋል፤ እንደ ራዲያተር ክዳን ማለት ነው። የሚፈላው ፔዳሉ ሲለቀቅ ነው። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ዲስኩ ግን እሳት ነው፤ ነፋስ ያቀዘቅዘው የነበረው ቆሟል፣ ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ ይሄዳል። በዚያች ደቂቃ ጥቂት ጠብታ ውሃ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ ፍሬን የሚሠራውም በዚህ ነው። እንፋሎት ግን እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። ቀጥሎ ፔዳሉ ሲረገጥ እግር እስከ ወለሉ ይሄዳል፣ ጎማው ምንም አይሰማም። ስለዚህ አደጋው ሊመጣ የሚችለው በቁልቁለቱ መሐል ብቻ ሳይሆን ሾፌሩ «ወረድን» ብሎ እግሩን ካነሣ በኋላ፣ ድልድዩ አጠገብ ቆሞ ዓባይን አይቶ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይም ነው።

ሕዝቡ ይህን «ፍሬን በጠሰ» ይለዋል። የተበጠሰ ነገር ግን የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያልፍ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉ ይደነድናል፣ መካኒኩ መጥቶ ሲረግጠው ደህና ያገኘዋል። «ምንም የለበትም» ብሎ ይሄዳል። እውነቱን ነው፤ በቀዝቃዛው ምንም የለበትም። ለቦሎ የሚደረገው የሮለር ፍተሻም የሚያየው ቀዝቃዛ ፍሬን ነው። ፔዳሉ እስከ ወለሉ በሄደበት ቅጽበት መደረግ ያለበት እርሱን ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ ማክበድና የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ መሳብ ነው። በነፋስ ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪኖች ጉዳይ ሌላ ነው፤ በእነርሱ ላይ የሚደክመው ሸራውና ታምቡሩ እንጂ ፈሳሽ አይደለም።

ይህን አደጋ የሚያባብስ አንድ መጥፎ ቁጠባ አለ፤ ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ። በካርቡራቶር ዘመን ትርፍ ይመስል ነበር። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ ፔዳል ሲለቀቅ ነዳጁን ጨርሶ ይቆርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ የሚወርደው ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በፎሌ የወረደ ሾፌር በነዳጅም ከስሯል፣ በሸራም ከስሯል፣ የፍሬን ፈሳሹንም ያለ ደመወዝ አሠርቶታል።

«ጎድሏል፣ ጨምርበት» የሚለውም ልማድ መታረም አለበት። በጣሳው ውስጥ ያለው ደረጃ ዝቅ የሚለው ሸራ ሲያልቅ ነው፤ ሸራው ሲሳሳ ከኋላው ያለው ፒስቶን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ባዶ የተወውንም ቦታ ፈሳሽ ይሞላዋል። ስለዚህ የጎደለ ጣሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሸራው እንዲታይ ነው። ሳይታይ የተሞላ እንደሆነ፣ በኋላ አዲስ ሸራ ሲገባና ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ትርፉ ከጣሳው ሞልቶ ይፈሳል፤ ፈሳሹ ደግሞ ቀለም ይልጣል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ በጨርቅ ማሸት ማስፋፋት ነው። ሸራው ደህና ሆኖ የሚጎድል ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል፤ ያ መኪና ሳይጠገን አይነዳም።

የፍሬን ፈሳሽ ቅያሪው ራሱ ሁለት ሰውና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ያልተከፈተ ጠርሙስ ይገዛል። ካለፈው ዓመት የተረፈ፣ ክዳኑ የተነካ ጠርሙስ በጓዳ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ነው፤ በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራም በግማሽ ዋጋ የሚቀርብ ክፍት ጠርሙስ ካለ በግማሽ ዋጋውም ውድ ነው። አንድ ሊትር ለትንሽ መኪና ይበቃል፣ ይተርፋልም። መጀመሪያ የጣሳው አሮጌ ፈሳሽ በሲሪንጅ ተስቦ ወጥቶ አዲስ ይሞላል፤ አዲሱን በአሮጌው ጭቃ ውስጥ መንዳት ትርጉም የለውም። ከዚያ ከማስተሩ በቱቦ እጅግ ከሚርቀው ጎማ፣ መሪው በግራ በሆነ መኪና ብዙ ጊዜ ከቀኝ ኋላ ይጀመራል፤ መመሪያው ሌላ ቅደም ተከተል ካዘዘ መመሪያው ይበልጣል። በየጎማው ከኋላ ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን አለች። የላስቲክ ቆብ የሌላት እንደሆነ ዝጋ ትገኛለች፤ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጋ፣ የዝገት ማላቀቂያ ተነክቶባት፣ በስድስት ማዕዘን ቡሶላ በትዕግሥት ትፈታለች። ሁሉም ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አንገቷ የተቀጠፈ እንደሆነ የዕለቱ ቁጠባ አብሮ ተቀጥፏል።

በብሎኗ ላይ ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ ይሰካል፣ ጫፉ በጠርሙስ ውስጥ ባለ ጥቂት አዲስ ፈሳሽ ውስጥ ይጠልቃል። አንዱ ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ከጎማው አጠገብ ይንበረከካል። ቃሉ አጭር መሆን አለበት። «ርገጥ» ይላል አባት፤ «ረገጥሁ አባባ» ይላል ልጅ፤ ብሎኗ ሩብ ዙር ትከፈታለች፣ ፈሳሹ ይወጣል፤ «ወረደ» ሲባል ትዘጋለች፤ «ልቀቅ» የሚባለው ከተዘጋች በኋላ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ የተዛባ እንደሆነ ፔዳሉ ሲመለስ አየር ይስባል። በአሮጌ መኪና ላይ ከፔዳሉ ሥር አንድ ጣውላ ይደረጋል፤ በማስተሩ ውስጥ ለዓመታት ያልተረገጠው ጥግ ዝጎ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎሚኒው እዚያ ድረስ ከተነዳ ይቀደዳል። በቱቦው ውስጥ ሻይ የመሰለው ወጥቶ እንደ ቀላል ማር የጠራው እስኪመጣ፣ አረፋም እስኪቆም ይቀጥላል። በየአሥር ርግጫው ጣሳው ይታያል፤ አንድ ጊዜ ባዶ ከሆነ መሥመሩ በሙሉ አየር ገባበት፣ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ኤቢኤስ ባለው መኪና አየሩ ወደ ኤቢኤሱ ክፍል ከገባ ደግሞ በኮምፒውተር ካልሆነ ላይወጣ ይችላል።

አራቱም ካለቁ በኋላ ብሎኖቹ በልክ ይታሰራሉ፣ የላስቲክ ቆባቸው ይመለሳል፣ ጣሳው በላይኛውና በታችኛው መሥመር መካከል ይሆናል። ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተረግጦ ይያዛል፤ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ደህና ከሆነም የመጀመሪያው ሙከራ ሜዳ ላይ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው። ሳያረጋግጥ ቀጥታ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣ ሰው ፍሬን ባይነካ ይሻለው ነበር።

የወጣው የሞተር ዘይት ወደ ቱቦ አይደፋም። የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላው ለእንጨት መቀቢያ የሚፈልገው አይጠፋም፤ በአሜሪካ ለሚኖር አንባቢ ደግሞ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ይቀበሉታል። የፍሬን ፈሳሹ ግን ለብቻው ይያዛል፣ ከዘይቱ ጋር አይደባለቅም።

በመጨረሻ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የገባው ዕቃና የፍሬን ፈሳሹ ዓይነት በደብተር ይጻፋል፣ ደረሰኙም አብሮ ይያያዛል። በአሜሪካ ለሚኖሩት ይህ ሌላ ጥቅም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራች ዋስትናውን በራሱ ጋራዥ ብቻ ከመሠራት ጋር እንዳያስር ስለሚከለክል፣ በገዛ እጅ ለተሠራ ሰርቪስ ደረሰኝና ደብተሩ ማስረጃ ናቸው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የጎማ ብሎኖቹ በ103 ኒውተን ሜትር አንድ ጊዜ ይደገማሉ፣ የዘይት መውጫው ሥር በወረቀት ይዳበሳል፣ የፍሬን ጣሳው ደረጃም አንድ ጊዜ ይታያል።